ሙጫውን ትቶ ስለ እንጨቱ ማውራት፦ ስለ ስኖውቦርድ ቁሶች ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ዘላቂ ስኖውቦርድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የማስታወቂያ ቃል ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ስኖውቦርድ ለማያውቀው አንባቢ፦ ሁለቱም እግር ጎን ለጎን ታስሮበት በበረዷማ ቁልቁለት የሚንሸራተቱበት አንድ ሰሌዳ ነው። ጸሐፊው የሚያነሱት ነጥብ ስድስት ነው። ሰሌዳው ውስጡ እንጨት ስለሆነ ድሮም ተፈጥሯዊ ነው። ከተክል የሚገኝ ሙጫ ደካማ ነው። ተልባና ባዛልት የብርጭቆ ክርን አይተኩም። ያረጀ ሰሌዳ ብረቱም ፕላስቲኩም ቀልጦ ስለሚመለስ የሚያሳስብ ነገር የለም። ዋናው ብክለት ያለው ወደ ተራራው በሚደረገው ጉዞ ላይ ነው። በመጨረሻም፣ ለአካባቢ የሚስማማ ሰሌዳ የሀብታም ዕቃ ነው።

ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ የጽሑፉ ግማሽ እውነት መሆኑ ነው። አንባቢ እውነተኛውን ግማሽ አይቶ ሌላውንም ሳይመረምር ይቀበላል። እኔ ኮምፖዚት ከሚባሉት፣ ማለትም ክርና ሙጫ ተዋህደው ከሚሠሩ ቁሶች ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩ ሲድበሰበስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከእንጨቱ ልጀምር። የአብዛኛው ስኖውቦርድ መሃል በእርግጥም እንጨት ነው፤ ፖፕላር፣ ቢች፣ ፓውሎኒያ፣ አንዳንዴም ቀርከሃ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ ጎን ለጎን ይጣበቃል። ግን የተሰበረ ሰሌዳ ያገኘ ሰው በመጋዝ አቋርጦ ጎኑን ይመልከት። ከላይ ሥዕሉ የታተመበት ስስ ናይለን አለ። ከሥሩ በሙጫ የራሰ የብርጭቆ ክር ጨርቅ ይመጣል፤ ከዚያ እንጨቱ፤ ከእንጨቱ በታች ደግሞ ሌላ የብርጭቆ ክር ጨርቅ። በግራና በቀኝ ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ እንጨቱን ከውሃ ይከልላል። በረዶውን የሚነካው የታችኛው ገጽ ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ዙሪያውን የብረት ጠርዝ ይዞታል። በጠርዙና በብርጭቆ ክሩ መካከል ንዝረት የሚያበርድ ስስ የጎማ ጥብጣብ ተኝቷል። የእግር ማሰሪያው የሚታሰርባቸው የብሎን ማስገቢያ ብረቶችም እንጨቱን ሰርስረው ገብተዋል። ይህ ሁሉ ፕሬስ ውስጥ በሙቀትና በጫና አንድ አካል ይሆናል። አንድ የሚያደርገው ኤፖክሲ የሚባለው ሙጫ ነው። ንብርብሩን በመሮ ፈልቅቄ ለመለየት ስሞክር ቀድሞ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው፤ ሙጫው አይለቅም።

ስለዚህ «ውስጡ እንጨት ነው» የሚለው ክርክር ውሃ አይቋጥርም። በኤፖክሲ የታሸገ እንጨት እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ ከብርጭቆና ከፕላስቲክ ጋር ስለተጣበቀ ለማገዶ አይሆንም፣ ተፈልቅቆም ለሌላ ዕቃ አይውልም። የእንጨቱ መነሻ ደግሞ በራሱ ጥያቄ አለው። የደን አስተዳደር ምክር ቤት፣ በምህጻሩ ኤፍኤስሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተቋቋመ ወዲህ አንድ ጣውላ ከየትኛው ደን ተነስቶ በማን እጅ እንዳለፈ መከታተል ይቻላል። ያንን ማረጋገጫ የማያሳይ አምራች «እንጨት ነው» ስላለ ብቻ ሊታመን አይገባም።

ጸሐፊው ቀርከሃ ከሌላ እንጨት የግድ አይሻልም ያሉትን ግን እቀበላለሁ። ቀርከሃ ሣር ነው፤ በጥቂት ዓመታት ለመቆረጥ ይደርሳል፣ ከሥሩም መልሶ ያቆጠቁጣል። ለሰሌዳ የሚውለው ግን ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ በሙጫ ተጣብቆ ነው። ሙጫው ፎርማልዴሃይድ ያለበት ከሆነና ቁሱም ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ከሆነ፣ ፋብሪካው አጠገብ ከበቀለ ፖፕላር ይሻላል ብሎ መማል አይቻልም።

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው ሙጫው ላይ ነው። ጸሐፊው ከተክል የተገኘ ኤፖክሲ ይደክማል ሲሉ ያቀረቡት ማስረጃ የለም፤ ተክል ለስላሳ ነው ከሚል ስሜት የመነጨ ይመስለኛል። ኤፖክሲ በብዛት የሚሠራው ቢስፌኖል ኤ እና ኤፒክሎሮሃይድሪን ከሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ነው። ሁለተኛው ለረጅም ዘመን የተሠራው ከነዳጅ ዘይት ከሚወጣ ፕሮፒሊን ነበር። ዛሬ ከግሊሰሪንም ይሠራል። ግሊሰሪን የአትክልት ዘይት ወደ ባዮዲዝል ሲቀየር የሚተርፍ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ሶልቬይ የተባለው ኩባንያ ኤፒሴሮል ብሎ የሰየመው የዚህ ዓይነት ሂደት ታይላንድ ውስጥ በትልቅ ፋብሪካ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። ከግሊሰሪን የወጣው ኤፒክሎሮሃይድሪን ከነዳጅ ከወጣው ጋር ሞለኪውሉ አንድ ነው። የሚቀራረብ ማለቴ አይደለም፤ ያው ራሱ ነው። ታዲያ ሙጫው በምን ምክንያት ይደክማል?

በዚህ መንገድ ከሚዘጋጁት መካከል በስኖውቦርድ አምራቾች ዘንድ የታወቀው ሱፐር ሳፕ ነው። ኢንትሮፒ ሬዚንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ሲሆን፣ ከፊሉ ከሌሎች ኢንዱስትሪዎች በሚተርፍ የተክል ውጤት ይዘጋጃል። በርተንና ጆንስ የተባሉት አምራቾች ሰሌዳ ሠርተውበታል። ሰዎች በእነዚያ ሰሌዳዎች ከገደል ዘለዋል፣ ዓለት ላይ አርፈዋል። ደካማ ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት የሚናገሩት እነሱ ነበሩ።

ይህን ስል ግን «ባዮ» የሚለውን ቃል ሁሉ አሜን ብዬ እቀበላለሁ ማለት አይደለም። «ከፊሉ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ቢስፌኖል ኤው አሁንም ከነዳጅ የሚመጣ ነው፤ ከፊሉ ስንት እንደሆነ የማይጽፍ አምራችም ብዙ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ከተክል የመጣው ኤፖክሲም አንዴ ከደረቀ በኋላ ከሌላው ኤፖክሲ አይለይም፤ በሙቀት አይቀልጥም፣ አይሟሟም። መነሻው ተሻሽሏል፤ መጨረሻው ያው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢተቹ ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር፤ እሳቸው ግን የተቹት ጥንካሬውን ነው።

መጨረሻውን የሚለውጠው ሙጫው ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ነው። ኤፖክሲ በአብዛኛው የሁለት ፈሳሾች ድብልቅ ነው፤ ሬዚኑና ማጠንከሪያው። ማጠንከሪያው በአብዛኛው አሚን ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን ሲሆን የሬዚኑን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ያስተሳስራቸዋል። አንዴ የታሰረው አይፈታም፤ ሰሌዳውን ከነሕይወቱ ወደ ቆሻሻ የሚሰደው ይህ ነው። ኮኖራ ቴክኖሎጂስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሪሳይክላሚን ብሎ ያወጣው ማጠንከሪያ ግን ማሰሪያው መሃል ላይ አሲድ ሲነካው የሚበጠስ ቁልፍ ቦታ አለው። የደረቀውን ቁስ በሞቀ ደካማ አሲድ ውስጥ ሲዘፈዝፉት ማሰሪያዎቹ ይበጠሳሉ፤ ኤፖክሲው በሙቀት ሊቀልጥና ሊቀረጽ ወደሚችል ፕላስቲክ ይቀየራል፤ ክሩም ብረቱም ሳይቃጠሉና ሳይፈጩ ይወጣሉ። ኒሽ የተባለ የአሜሪካ ስኖውቦርድ አምራች ይህን ማጠንከሪያ በሰሌዳዎቹ ውስጥ ተጠቅሟል።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ «በአሲድ የሚፈታ ሙጫ በእርጥበትም ይፈታል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። አይፈታም። አሲዱ መሞቅ አለበት፣ ቁሱም በውስጡ ለሰዓታት መቆየት አለበት። በረዶ አሲድም አይደለም፣ ሙቅም አይደለም። በቂ ካልሆነ ሌላ ማስረጃ ላክል። የነፋስ ማመንጫ አምራቹ ሲመንስ ጋሜሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው መልሶ የሚፈታ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ የተሠራው በዚሁ የማጠንከሪያ ቴክኖሎጂ ነው፤ ቴክኖሎጂውን ከኮኖራ የወሰደው የሕንዱ አዲትያ ቢርላ ቡድን ነው። የመጀመሪያዎቹ ክንፎች እያንዳንዳቸው 81 ሜትር ርዝመት አላቸው፤ በጀርመን የባሕር ክልል፣ ካስካሲ በተባለው የነፋስ ማመንጫ ጣቢያ ተተክለዋል። ጨዋማ ነፋስና ማዕበል ባለበት ባሕር ላይ ዓመታትን እንዲሽከረከር የታመነበት ሙጫ ለአንድ ሜትር ተኩል ሰሌዳ አያንስም።

ሦስተኛው ነጥብ ክሩ ነው። ጸሐፊው ባዛልት ላይ የተናገሩት ከእውነት ብዙ አይርቅም። ባዛልት ዓለት ነው፤ ወደ ክር ለመለወጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት መቅለጥ አለበት፣ ብርጭቆም እንዲሁ። ባዛልቱ እንደ ብርጭቆው ልዩ ልዩ ማዕድን መቀላቀል አያስፈልገውም፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ምድጃው ግን ምድጃ ነው። «የእሳተ ገሞራ ክር» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ያምራል፤ ፋብሪካው በምን ኃይል እንደሚሠራ ካልተነገረ ግን ብዙ አይናገርም።

ተልባ ግን ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ከባዛልት ጋር አንድ ላይ መጠቅለላቸው ትክክል አይደለም። ክሩ የሚወጣው ከተክሉ ግንድ ነው፤ ምድጃ አያስፈልገውም። የብርጭቆ ክር አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 2.5 ግራም ያህል ሲመዝን የተልባው 1.5 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ክብደትን ከግትርነት ጋር አብረን ስንመዝን ተልባ ከብርጭቆ ጋር ይወዳደራል። ተልባ ከብርጭቆ የሚበልጥበት ቦታም አለ፤ ንዝረት ይውጣል። በደረቀና ጠንካራ በረዶ ላይ በፍጥነት የሄደ ሰው ሰሌዳው ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ያውቀዋል፤ ያንን ለማብረድ ነው ጎማ የሚደረብበት። በስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ የሚገኘው ቢኮምፕ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሥርቶ ሥራውን የጀመረው ተልባን ወደ ስኪ፣ ማለትም በእያንዳንዱ እግር አንድ አንድ ወደሚታሰረው የበረዶ መንሸራተቻ፣ በማስገባት ነው፤ ያኔም የተፈለገው ይህ ጠባዩ ነበር።

ችግሩንም ልናገር። ተልባ እርጥበት ይስባል፤ በሙጫ ከመራሱ በፊት በደንብ ካልደረቀ ሙጫው አይዘልቀውም። ሲጎተት የመበጠሻ ኃይሉም ከብርጭቆ ያንሳል። ስለዚህ አምራቾች በአብዛኛው ከብርጭቆ ጋር አዳብለው፣ ጫናው በሚቀንስበት ወይም ንዝረት በሚበዛበት ቦታ ያኖሩታል። ጸሐፊው ግን «ሙሉ በሙሉ ካልተካ ዋጋ የለውም» የሚል መስፈርት አስቀምጠዋል። ይህን መስፈርት ማን አወጣው? ከሰሌዳው የብርጭቆ ክር ሲሶው ቢቀነስ የተቀነሰው ተቀንሷል። ደግሞም ብርጭቆ ከስኖውቦርድ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ ሚሺጋን ውስጥ ሁለት ስኪ ጎን ለጎን አጣምሮ ለልጆቹ የሠራው ስነርፈር፣ ለዛሬው ስኖውቦርድ መነሻ የሆነው፣ የብርጭቆ ክር ሰሌዳ አልነበረም።

ማስታወቂያን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው ካሉትም በላይ ልሂድ። ሰው ሰሌዳ ሲገዛ የሚያየው የላይኛውን ሽፋን ነው፤ ስለዚህ አረንጓዴው ወሬ ሁሉ የሚከማቸው እዚያ ነው። ከጉሎ ዘይት የሚሠራ ናይለን አለ፤ ፖሊአማይድ 11 ይባላል፣ አርኬማ የተባለው ኩባንያ የሚያመርተው ሪልሳን በዚህ የታወቀ ነው። መርቪን የተባለው የዋሽንግተን ግዛት አምራችን ጨምሮ ብዙዎች ሽፋናቸውን ከጉሎ አድርገዋል። ጥሩ ቁስ ነው፤ ጉሎ ድርቅ ይችላል፣ ብዙ ውሃም አይጠይቅም። ግን ሁለት ነገር አብሮ መነገር አለበት። ከጉሎ መሠራቱ እንዲበሰብስ አያደርገውም፤ ናይለን ናይለን ነው። የዓለም ጉሎ በአብዛኛው የሚመረተው ሕንድ ውስጥ በአነስተኛ ገበሬዎች ሲሆን ፍሬው ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስላለው የሚለቅሙትና የሚፈለፍሉት ሰዎች ደህንነትም የቁሱ ሂሳብ አካል ነው። አርኬማና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕራጋቲ የሚባል ፕሮግራም የጀመሩት የጉሎ ገበሬዎቹን አሠራር ለማሻሻል ነው። ያም ሆኖ ሽፋኑ ከሰሌዳው ክብደት ትንሿ ድርሻ ነው፤ ትንሿን አሳይቶ ሙጫውን መደበቅ ገዢን ማታለል ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ ጸሐፊው የተሰበረ ሰሌዳ በእጃቸው ይዘው እንደሆነ መጠየቅ ፈለግሁ። ብረት ይቀልጣል፣ ይታወቃል። የታችኛው ፖሊኤትሊንም ከሙቀት ጋር የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው። ግን ሁለቱም በኤፖክሲ ተይዘዋል፤ ሳይለያዩ ማን ያቀልጣቸዋል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ቢለያዩ እንኳ ለውድ ሰሌዳዎች የሚውለው ፖሊኤትሊን ሞለኪውሉ እጅግ ረጅም ስለሆነ ሲሞቅ ይለሰልሳል እንጂ አይፈስም፤ እንደ ተራ ላስቲክ አቅልጦ መቅረጽ አይቻልም። ተፈጭቶ፣ በጫናና በሙቀት እንደገና መታመቅ አለበት። ይህ በፋብሪካው ውስጥ ሙጫ ባልነካው ቁርጥራጭ ላይ ይሠራል፤ ከአሮጌ ሰሌዳ ላይ በተላጠው ላይ ግን እጅግ ከባድ ነው።

ዛሬ አሮጌ ሰሌዳ የሚሄደው ወይ ወደ ቆሻሻ መጣያ ወይ ወደ ማቃጠያ ነው። ሲቃጠል ኤፖክሲው ይነድዳል፣ ብርጭቆው ግን አመድ ሆኖ ይቀራል። አየር በሌለበት በከፍተኛ ሙቀት ማብሰልም ይቻላል፤ የሚወጣው የብርጭቆ ክር ግን ጥንካሬውን ክፉኛ ያጣል። የሲሚንቶ ፋብሪካ የተፈጨ የብርጭቆ ኮምፖዚት መቀበል ይችላል፤ ሙጫው ማገዶ፣ ብርጭቆው ጥሬ ዕቃ ይሆንለታል። ከመጣል ይሻላል፤ ሰሌዳ ግን መልሶ አይሆንም። ለዚህ ነው ከላይ ስለ ማጠንከሪያው ያን ያህል የጻፍኩት። እርግጥ ነው፣ የሚፈታ ሰሌዳ ተሠርቶ የሚሰበስበው ከሌለ ጥቅሙ ወረቀት ላይ ይቀራል። አምራቹ ሰሌዳውን ሲሸጥ አሮጌውን መልሶ እንደሚቀበል ካልጻፈ፣ «መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል» የሚለውን ቃል የመጠቀም መብት የለውም ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር ዕድሜ ነው። አንድ ሰሌዳ ሁለት እጥፍ ካገለገለ ለመሥራት የወጣበት ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፤ የትኛውም አዲስ ክር በቀላሉ ይህን አያስገኝም። ሰሌዳ በብዛት የሚሞተው ከጠርዙ ነው። ድንጋይ ይመታዋል፣ ኤቢኤሱ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ እንጨቱ ያብጣል፣ ንብርብሩ መላቀቅ ይጀምራል። ስንጥቁ በታየ ሰሞን እንጨቱን በደንብ አድርቆ፣ ኤፖክሲ ሞልቶ፣ በማጥበቂያ ጨብጦ አንድ ሌሊት ማሳደር ብዙ ሰሌዳ ያድናል። ውሃ እንደያዘ ሁለት ሳምንት ከተንሸራተቱበት ግን አይድንም። ጠርዙ ወፈር ያለ፣ ጎኑ ሊጠገን የሚችል፣ የታችኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ለመስተካከል የሚበቃ ውፍረት ያለው ሰሌዳ ለእኔ ከማንኛውም የጉሎ ሽፋን በፊት ዘላቂ ነው።

የጉዞው ነጥብ ላይ ጸሐፊው እውነት ይዘዋል። በአውሮፕላን አህጉር አቋርጦ ለበረዶ የሚሄድ ሰው ሰሌዳው ከምንም ቢሠራ የካርቦን አሻራውን የሚወስነው በረራው ነው። ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ቁሱ አያሳስብም» ማለታቸው ግን አይከተልም። ጉዞው የተጓዡ ውሳኔ ነው፤ ሙጫው፣ ምድጃውና የኤሌክትሪኩ ምንጭ የአምራቹ ናቸው። ካፒታ የተባለው የስኖውቦርድ አምራች ኦስትሪያ ውስጥ ፋይስትሪትስ አን ደር ጋይል ያለውን ፋብሪካውን በውሃ ኃይል ሲያሠራ ማንም ተጓዥ በረራውን እስኪቀንስ አልጠበቀም። ደግሞም መርዝ በካርቦን አይለካም። ሰሌዳው በደንብ እንዲንሸራተት ከሥሩ የሚቀባውን፣ ፍሎሪን ያለበትን ሰም እንውሰድ፤ ያ ኬሚካል ከበረዶው ጋር ወደ አፈርና ውሃ ይወርዳል፣ አይፈርስም። ዓለም አቀፉ የስኪና የስኖውቦርድ ፌዴሬሽን ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ አግዶታል። ያን ጊዜ «ዋናው ችግር አውሮፕላኑ ነው» ተብሎ ቢተው ኖሮ ዛሬም እየተቀባ ነበር።

ዋጋን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። ውድ ሰሌዳ ውድ የሚሆነው በካርቦን ክሩ፣ በስሙና በስፖንሰር በተከፈለላቸው ስፖርተኞች ጭምር ነው፤ ጭማሪውን ሁሉ በአካባቢ ጥበቃ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። አቅሙ የማይፈቅድ ሰው ያገለገለ ሰሌዳ ገዝቶ ጠርዙን ቢያስጠግን ከሁሉም ያነሰ ቁስ የሚጠቀመው እሱ ነው፤ ለዚህ ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

ጸሐፊው ወደፊት እንደገና የሚጽፉ ከሆነ ለአምራቾቹ ሦስት ጥያቄ እንዲያቀርቡልን እለምናቸዋለሁ። ኤፖክሲያችሁ ውስጥ ከተክል የመጣው ስንት ከመቶ ነው? ማጠንከሪያው የሚፈታ ነው ወይስ አይደለም? አሮጌውን ሰሌዳ ትቀበላላችሁ? መልስ ያልሰጡትንም በስማቸው ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።